ግማሹ ማዞሪያ ጣቢያ የቀረው ስልክ

እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኝ አንድ ባንክ ውስጥ ሳንቲም የሚጎርስ ስልክ ተተከለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠራው ዊልያም ግሬይ ይባላል። ግሬይ በፕራት ኤንድ ዊትኒ ፋብሪካ ብረት ወልዋይ ሆኖ የሠራ፣ ቤዝቦል ለሚቀልቡ ተጫዋቾች የደረት መከላከያ የፈለሰፈ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ስለ ስልኩ አነሳስ የሚተረከው አጭር ነው። ሚስቱ በጠና ስትታመምበት ሐኪም ለመጥራት በአቅራቢያው ወዳለ ፋብሪካ ይሮጣል፤ ስልኩ ለእንግዳ አይፈቀድም ይሉታል። ትረካው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቀለም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የፈጠራ መብቱ ግን በመዝገብ አለ፤ ቁጥሩ 408,709፣ የተሰጠበትም ቀን ኦገስት 13፣ 1889 ነው።

የዚያ ስልክ ዘሮች ዛሬ ከመንገድ ተነቅለው በሰብሳቢዎች ቤት፣ በጋራዥ ግድግዳና በሳሎን ጥግ ተሰቅለዋል። ገዝቶ የሰቀላቸው ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የመስመሩ ድምፅ ይሰማል፣ ቁጥሩ ግን አይሄድም። ቁጥሩ ቢሄድም ሰው ሲደውልለት ደወሉ አይጮህም። ሳንቲም ቢጨምርበት ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ካዝናውም አይወርድም፣ ወደ ባለቤቱም አይመለስም። ባለቤቱ ካቻቪቴና ቴስተር ይዞ ክዳኑን ይከፍትና የተበላሸውን ዕቃ መፈለግ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ አያገኝም። የሳንቲም ስልክ ከጥንትም ብቻውን ሙሉ ማሽን ሆኖ አያውቅም። ገንዘቡን የሚቆጥረው፣ «ተቀበል» ወይም «መልስ» ብሎ የሚያዘው ሌላው ግማሹ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ወደ ቤት ሲገባ ያ ግማሽ አብሮት አልመጣም። ስለዚህ ይህን ስልክ በቤቱ የሚጠግን ሰው ከመሣሪያው እኩል ታሪኩን ማወቅ ይኖርበታል።

ከግሬይ በፊትም በክፍያ የሚደወልበት ስልክ ነበር። በባቡር ጣቢያና በሆቴል የቆሙት ስልኮች አጠገብ ግን ሂሳብ የሚቀበል ሠራተኛ መቀመጥ ነበረበት። ሠራተኛው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግሬይ ያስቀረው ይህን ሠራተኛ ነው። በሃርትፎርዱ ስልክ ደዋዩ መጀመሪያ ከኦፕሬተር ጋር ይገናኛል፤ የሚፈልገው ሰው ከተገኘለት በኋላ ይከፍላል። በ1891 የግሬይ ቴሌፎን ፔይ ስቴሽን ኩባንያ ተቋቁሞ ማሽኑን ማሻሻሉን ቀጠለ።

በሩቅ ያለችው ኦፕሬተር ሳንቲሙ መግባቱን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ለዚህ የተገኘው መላ እስከ 1960ዎቹ ድረስ አገልግሏል። ከሳንቲሙ መንገድ አጠገብ ደወሎች ይሰቀላሉ። 5 ሳንቲም ሲወርድ ደወሉን አንዴ ይመታል፤ 10 ሳንቲም ሁለቴ፤ 25 ሳንቲም ደግሞ ወፍራም ድምፅ ያለውን ሌላ ደወል ያንኳኳል። ድምፁ በስልኩ ማይክሮፎን አልፎ በሽቦው ወደ ማዞሪያ ጣቢያው ይደርሳል። ረጅም ርቀት የሚደውል ሰው ሳንቲሞቹን አከታትሎ ሲጥል ኦፕሬተሯ ምቱን እየሰማች ትደምራለች። የገንዘብ መቁጠሪያው የሴቲቱ ጆሮ ነበር ማለት ነው።

በ1898 ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው አምራች ቁጥር 5 ብሎ የሰየመውን ሳንቲም ተቀባይ በቺካጎ ሥራ አስጀመረ። ይህኛው ክፍያውን አስቀድሞ የሚቀበል ነበር። ለስልክ ኩባንያው ትልቅ እፎይታ ቢሆንም አዲስ ጥያቄ አስነሳ። ሰውየው ከፍሎ የደወለለት ሰው ባያነሳስ? መስመሩ ቢያዝስ? ገንዘቡ ካልተመለሰ ሕዝቡ ስልኩን ሌባ ይለዋል። በየመንገዱ ላይ ባለው ማሽን ውስጥ ሳንቲሙን በአደራ ይዞ የሚቆይ፣ ጥሪው ሲሳካ የሚያስረክብ፣ ሳይሳካ የሚመልስ ነገር አስፈለገ።

መልሱ የሳንቲም ሪሌ ነው፤ ይህን ዕቃ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የሪሌው ቦታ በስልኩ ሆድ ውስጥ፣ ከሳንቲሙ መውረጃ ግርጌ ነው። ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲመጣ በአንዲት ቀጭን ብረት ላይ ያርፋል። ብረቷ በሳንቲሙ ክብደት ዝቅ ስትል መነካኪያዎች ይገጥማሉ፤ መስመሩም ከመሬት ጋር ይገናኛል። ማዞሪያ ጣቢያው ይህን ግንኙነት ሲያይ ሳንቲም መግባቱን ይረዳል። ጥሪው ሲያልቅ ጣቢያው በዚያው የስልክ ሽቦ ላይ ለአፍታ 130 ቮልት ይልካል። ፖዘቲቭ 130 ከሆነ ሪሌው ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ሳንቲሙን ወደ ካዝናው ይጥላል፤ ኔጌቲቭ 130 ከሆነ ወደ ሌላው ወገን ተጋድሞ ወደ ደዋዩ ይመልሳል። ስልኩ ውስጥ ምንም የሚያስብ ነገር የለም፤ ፍርዱ ሁሉ ከጣቢያው ነው የሚመጣው።

በ1902 በአሜሪካ 81 ሺህ ያህል የሳንቲም ስልኮች ነበሩ። በ1911 ግሬይና ዌስተርን ኤሌክትሪክ በጋራ የተሳተፉበት ባለሦስት ቀዳዳ ስልክ ወጣ፤ ለ5፣ ለ10 እና ለ25 ሳንቲም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀዳዳ ነበራቸው። ይህ ቅርጽ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ኖረ። ዛሬ በጥንታዊ ዕቃ ገበያ በብዛት የሚፈለገው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባውና ሦስት ቀዳዳ ያለው ከባድ ብረት ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሳንቲም ስልክ የቤት ውስጥ ዕቃ ነበር። በመድኃኒት መደብርና በሆቴል ኮሪደር ውስጥ በእንጨት ዳስ ተከልሎ ይቆም ነበር። በ1905 በሲንሲናቲ ከተማ አንዱ ስልክ ደጅ ላይ ሲተከል ሰዎች ለመጠቀም አመነቱ፤ የግል ጉዳይን መንገድ ላይ ቆሞ ማውራት ነውር መሰላቸው። በ1950ዎቹ የመስታወት ዳሶች የእንጨቶቹን ቦታ ሲይዙም በሩን ዘግቶ የሚያወራ ሰው ወሬው የራሱ ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። ይህ እምነት በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በ1965 የፌዴራል መርማሪዎች በሎስ አንጀለስ ሰንሴት ቡልቫርድ ከነበሩ የስልክ ዳሶች ውጪ ማድመጫ ለጥፈው ቻርልስ ካትዝ የተባለ ሰው ያወራውን የቁማር ውርርድ ወሬ ቀዱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1967 የዳሱን በር ዘግቶ ከፍሎ የደወለ ሰው ወሬው እንዳይደመጥበት የሕገ መንግሥት ጥበቃ አለው ብሎ ወሰነ። ያ ውሳኔ ዛሬም በአሜሪካ የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ከዋናዎቹ መሠረቶች አንዱ ነው።

የዚህን ስልክ አሠራር የወሰነው አንድ ትልቅ ምክንያት የባለቤትነቱ ነገር ነው። በአሜሪካ አብዛኛውን የስልክ አገልግሎት የያዘው የቤል ሲስተም ስልኮች የኩባንያው ንብረት ነበሩ። ዕቃው ሲሰበር ኪሳራው የራሱ የኩባንያው ስለሆነ ስልኩ እንዲበረክት፣ ሲበላሽም እዚያው በቆመበት እንዲጠገን ተደርጎ ተሠራ። የውስጥ ክፍሎቹ በብሎን ተፈትተው በሌላ የሚተኩ ናቸው። ሳንቲም መርጦ የሚጥለው ክፍል፣ ሪሌው፣ መደወያው፣ እጀታው ሁሉም ለየብቻ ይወጣሉ።

ቁልፉም ሁለት ነበር። የላይኛው የስልኩን አካል፣ የታችኛው ካዝናውን ይከፍታል። ጠጋኙ የላይኛውን፣ ገንዘብ ሰብሳቢው የታችኛውን ይይዛል፤ አንዱ በሌላው ክልል እጁን አያስገባም። ሰብሳቢውም ቢሆን ሳንቲሙን አይነካም፤ የሞላውን ሣጥን አውጥቶ ባዶውን ያስገባል፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ቆጠራ ክፍል ሲደርስ ነው። ሌቦችም በበኩላቸው የማሽኑን ጠባይ ያጠኑ ነበር። በሳንቲም መመለሻው ጉሮሮ ወረቀት ወይም ጨርቅ ወትፈው ይሄዳሉ፤ የተመለሰው ሳንቲም ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከሰዓታት በኋላ መጥተው ውታፉን ነቅለው ይዝቁታል። ኩባንያው ጉሮሮውን አጣምሞ፣ የእጀታውን ገመድ በብረት አልብሶ፣ ቆርቆሮውን አወፍሮ መለሰላቸው። በ1960 ቤል ሲስተም አንድ ሚሊዮነኛውን የሕዝብ ስልክ ተከለ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ታሪኩ ተለወጠ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ቀርተው ሁሉንም ሳንቲም በአንድ ቀዳዳ የሚቀበል ስልክ መጣ። ሳንቲሞቹን የሚለየው ውስጡ ያለው መራጭ ነው። የአሜሪካ 10 ሳንቲም ስፋቱ 17.91 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሳንቲሙ 21.21፣ 25ቱ ደግሞ 24.26 ነው። መራጩ እነዚህን ልዩነቶች በመጠንና በክብደት ይመዝናል፤ ማግኔቱም ብረት የሆነውን ሐሰተኛ ሳንቲም ይይዛል፤ እውነተኛውን ሳንቲም ሲያልፍ በተወሰነ መጠን ያዘገየዋል። በዚያው ወቅት፣ በ1965፣ የአሜሪካ መንግሥት የብር ማዕድኑን ከ10 እና ከ25 ሳንቲም ላይ ሲያነሳ በምትኩ መሐሉ መዳብ፣ ገጹ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የሆነ ሳንቲም የመረጠበት አንዱ ምክንያት ማሽኖች ከቀድሞው ሳይለዩ እንዲቀበሉት ነው። አዲሱ ሳንቲም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን ጉሮሮ ማለፍ ነበረበት።

የደወሉም ዘመን አበቃ። ባለ አንድ ቀዳዳው ስልክ ሳንቲሙን ቆጥሮ በኤሌክትሪክ ድምፅ ይናገራል፤ ለ5 ሳንቲም አንድ፣ ለ10 ሁለት፣ ለ25 አምስት ቲት። ኋላ ላይ ድምፁ 1700 እና 2200 ኸርዝ የተቀላቀሉበት ሆነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ድምፅ የሚያደምጠው የኦፕሬተር ጆሮ ቀርቶ አውቶማቲክ መሣሪያ ሆነ። ሰው የማይሰማው መሆኑን የተረዱ ወጣቶች ደግሞ ያንኑ ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ሣጥን ሠርተው ያለ ሳንቲም መደወል ጀመሩ። ስልኩ ውስጥ የተሰበረ፣ የተፈለቀቀ ነገር የለም፤ የተታለለው በጣቢያው ያለው ግማሹ ነው።

ከዚሁ ዘመን ለውጦች ሁሉ ለሰው ሕይወት ይበልጥ የጠቀመው ግን ሌላ ነው። በቀድሞው ስልክ ሳንቲም ያልያዘ ሰው የመስመር ድምፅ እንኳ አያገኝም ነበር። በ1966 በዚያው በሃርትፎርድ ድምፁ ከሳንቲሙ የሚቀድምበት አገልግሎት ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 1968 በአላባማ ሄሊቪል ከተማ የመጀመሪያው የ911 የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲደረግ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ኪሱን ሳይዳብስ የሚደውልበት መንገድ መጥረግ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነበር ማለት ነው።

በጃንዋሪ 1984 ቤል ሲስተም ፈረሰ። በዚያው ዓመት ጁን ወር የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማንኛውም ሰው የሳንቲም ስልክ ገዝቶ እንዲተክል ፈቀደ። የግል ባለቤቱ ግን በማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ ያለውን ግማሽ ማዘዝ አይችልም፤ የሚያገኘው እንደማንኛውም ሱቅ ተራ መስመር ነው። ስለዚህ አምራቾች ያንን ግማሽ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ አሳንሰው ስልኩ ሆድ ውስጥ ከተቱት። ታሪፉን የሚያውቀው፣ ሳንቲሙን የሚቆጥረው፣ የሚመልሰው ራሱ ሰሌዳው ሆነ። ከውጭ ሲያዩት ግን ከቀድሞው አይለይም፤ ይህም ኋላ ጠጋኙን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

የእነዚህ ስልኮች የመጨረሻ ታላቅ ዘመን ከስደተኞች ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በ1990ዎቹ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ እንደ ሌሎች ስደተኞች ሁሉ፣ የስልክ ካርድ ገዝተው፣ የተሸፈነውን ቁጥር ፍቀው፣ በነጻ የሚደወልበትን 800 ቁጥር መትተው ወደ አገር ቤት ይደውሉ ነበር። በዚህ መንገድ ከመንገድ ስልክ የደወለ ሰው ለስልኩ ባለቤት አንድም ሳንቲም አይከፍልም። የ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ባለቤቶቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ካሳ እንዲያገኙ አዘዘ። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ጥሪ የቆረጠው ካሳ በ2004 ወደ 49.4 ሳንቲም ከፍ አለ።

ካሳው ግን ከሞባይል አላዳናቸውም። የመጀመሪያው የንግድ ሞባይል አገልግሎት በአሜሪካ የተጀመረው በኦክቶበር 1983 በቺካጎ ነው፤ ቀድሞ የሚከፈልበት ስልክ በተጀመረባት ከተማ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 2.6 ሚሊዮን ገደማ የደረሱት የሕዝብ ስልኮች በ2016 ወደ 100 ሺህ ወረዱ። ቤልሳውዝ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2001 ከሥራው እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2007 መጨረሻ ተከተለ። ኒውዮርክ የከተማዋ ንብረት የሆነውን የመጨረሻ ስልክ ከታይምስ ስኩዌር አቅራቢያ፣ ከ7ኛው አቬኑና ከ50ኛው ጎዳና መገናኛ፣ በሜይ 23፣ 2022 ነቀለችው። ስልኩ ወደ ከተማዋ ሙዚየም ሄደ። ሌሎቹ የቁራሌ ብረት ሆኑ፤ የተረፉት በሰብሳቢዎች እጅ ገቡ።

ከሰብሳቢው እጅ የገባው ስልክ መጀመሪያ የሚያስቸግረው በቁልፍ ነው። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ቁልፍ የለውም። የባለ አንድ ቀዳዳው ስልክ የላይኛው አካል በቁልፍ ብቻ አይከፈትም፤ ቁልፉን አዙሮ ከጎን ባለው ቀዳዳ ቲ ቅርጽ ያለው መፍቻ ማስገባት ይጠይቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ብረቱን በመሮ ይፈለፍላል። ሌባን ለመመከት የተወፈረ ብረት ለባለቤቱም አይራራም፤ ዕቃውን ከማበላሸት ልምድ ላለው ቁልፍ ሠሪ መስጠት ይሻላል።

ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ስልኩን ከመስመር መንቀል ነው። ተራ የስልክ መስመር 48 ቮልት ገደማ ቢሆንም ሰው ሲደውል 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይመጣበታል፤ በእርጥብ እጅ የነካው ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ያንኑ መስመር በሌላ ጤነኛ ስልክ መሞከር ያስፈልጋል። ጥፋቱ የቤቱ ሽቦ ሆኖ ሳለ ስልኩን በትኖ የሚውል ጠጋኝ ጥቂት አይደለም።

ድምፅ ከሌለ ቴስተሩ ወደ እጀታው ይሂድ። የብረት ልብስ የለበሰው ገመድ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ይበጠሳል፤ በተለይ ወደ ስልኩ በሚገባበት አንገት ላይ። ሌላው ሰው ደዋዩን በደካማና በሚንኮሻኮሽ ድምፅ የሚሰማው ከሆነ ተጠርጣሪው የማይክሮፎኑ የከሰል ብናኝ ነው። ብናኙ በዓመታት ብዛት እርጥበት እየሳበ ይጋገራል። እጀታውን በመዳፍ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ያላቅቀዋል፤ ካልሆነ ማይክሮፎኑን መለወጥ ነው።

የመስመሩ ድምፅ ጥርት ብሎ እየተሰማ ቁልፎቹ ሲነኩ ዝም የሚሉበት ችግር ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ መፍትሔው ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የድሮዎቹ የዌስተርን ኤሌክትሪክ የቁልፍ መደወያዎች የሚሠሩት የመስመሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በትክክል ሲገጠም ብቻ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን ሽቦ ማቀያየር ይበቃል። ቀድሞ ይህን አሰላለፍ የሚጠብቀው የኩባንያው መስመር ሠራተኛ ነበር፤ የቤት ውስጥ ሽቦ የዘረጋ ሰው ግን ስለ ቀለም ግድ ላይሰጠው ይችላል።

የሚሽከረከር መደወያ ያለው ስልክ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ቀለበቱ ተስቦ ሲለቀቅ መስመሩን እየቆራረጠ ይቆጥራል፤ 3 ቁጥር ሦስት ጊዜ፣ 0 ደግሞ አሥር ጊዜ። ልኩ በሰከንድ አሥር ምት ነው። የደረቀ ግራሶ ፍጥነት መጠበቂያውን ከያዘው ቁጥሩ ይዘገይና ጥሪው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። አሮጌውን ቅባት አጽድቶ ጥቂት ቀጭን ዘይት ማንጠብጠብ ብዙውን ያስተካክለዋል። መደወያው ጤነኛ ሆኖ አሁንም ካልሠራ ጥያቄው ወደ መስመሩ ይዞራል። ዛሬ ስልኩ የሚገጠምበት የኢንተርኔት ስልክ ሣጥን የምት ቁጥርን የማይቀበል ዓይነት ከሆነ ቀለበቱ እስከ ነገ ቢዞር ትርጉም የለውም፤ ከመግዛት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

ደወሉ ያልጮኸበትም ምክንያት ታሪክ ነው። በብዙ የሳንቲም ስልኮች ደወሉ በአንዱ የመስመር ሽቦና በመሬት መካከል ይገጠም ነበር። በቤት መስመር ላይ የመሬቱ ሽቦ ስለሌለ ደወሉ ኮረንቲ አያገኝም፤ ወደ መሬት ይሄድ የነበረውን የደወሉን ሽቦ ወደ ሁለተኛው የመስመር ሽቦ ማዛወር ያነቃዋል። በዕድሜ ገፋ ካሉት ባለሦስት ቀዳዳ ስልኮች አንዳንዶቹ ደግሞ ደወላቸውና የድምፅ ዑደታቸው ከዳሱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ሣጥኑ ሳይገዛ የመጣ ስልክ ሙሉ ሆኖ ሊሠራ አይችልም።

የሳንቲሙ መንገድ ንጽሕና ይወዳል፤ ቅባት ግን ይጠላል። ዘይት የተቀባ መንገድ አቧራ ይሰበስብና ሳንቲሙን ይይዛል። በደረቅ ብሩሽና በንጹሕ ጨርቅ ማጽዳት፣ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝ ማንሳት፣ በመመለሻው ጉሮሮ የድሮ ሌባ ውታፍ መኖሩን ማየት ይገባል። ደግሞም ስልኩ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መሰቀል አለበት። መራጩ የሚሠራው በሳንቲሙ ውድቀትና ክብደት ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የሚሞከር ስልክ እውነተኛውን ሳንቲም ሁሉ ሐሰተኛ እያለ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሳንቲሙ ከሪሌው በላይ ቆሞ ቢቀር ሪሌው አልተበላሸም። የሚጠብቀው 130 ቮልት የለም፤ ፍርዱን የሚልክለት ጣቢያ የለም። እዚህ ላይ ባለቤቱ መወሰን አለበት። ስልኩ እንዲያናግር ብቻ የሚፈልግ ሰው የድምፁን ክፍል በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ያገናኛል፤ ሳንቲሙ ይቀርበታል። ሙሉውን ማሽን ማየት የሚፈልግ ደግሞ የጠፋውን ግማሽ ራሱ ይሠራል። ማርክ ስፔንሰር በ1999 የጀመረው አስተሪስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ተራ ኮምፒዩተርን የስልክ ማዞሪያ ያደርጋል፤ የሳንቲሙን ቲት የሚያደምጥና 130 ቮልቱን ለአፍታ የሚለቅ ተጨማሪ ሰሌዳ ሲታከልበት ስልኩ እንደ ጥንቱ ይቀበላል፣ ይመልሳል። 130 ቮልት ግን መቀለጃ አይደለም፤ ኮረንቲ የማያውቅ ሰው ይህን ክፍል ለሚያውቅ ይተወው።

ከ1984 በኋላ የተሠራ፣ ሰሌዳ ያለው የግል ስልክ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በእርሱ ላይ ሪሌና ቮልት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሞተ ባትሪ ወይም የጠፋ ፕሮግራም ነው፤ አምራቹ ከገበያ ወጥቶ ፕሮግራሙ ካልተገኘ ሰሌዳውን ነቅሎ በተራ የስልክ ዑደት መተካት ይቻላል። ስለዚህ ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ መታየት ያለበት ውስጡ የትኛው ዘመን እንደሆነ ነው።

ሥራው ከሳሎን ጌጥ ያለፈ ጥቅምም አለው። በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ፉቴል የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የተጣሉ የመንገድ ስልኮችን አድሶ፣ በኢንተርኔት መስመር አገናኝቶ መልሶ መንገድ ላይ ተክሏቸዋል፤ ስልክ የሌለው ሰው በነጻ ይደውልባቸዋል። እነዚያ ስልኮች የሚሠሩት የውስጣቸውን አሠራር የሚያውቅ ሰው ስላልጠፋ ነው።

እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ ያለ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ይለመናል። የመጀመሪያዎቹን ሽቦዎች አይቁረጥ፤ ፈትቶ ይሸፍናቸው። ሪሌውንና መራጩን ባይጠቀምባቸውም አይጣላቸው፤ በከረጢት አድርጎ እዚያው ካዝናው ውስጥ ያስቀምጣቸው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የቀድሞ ጠጋኞች በእርሳስ የጻፉት ቀንና ቁጥር ካለ አይጥረገው፤ የለወጠውንም ነገር ከሥሩ ጽፎ ቀኑን ያኑርበት። ስልኩ ወደ ሌላ እጅ ሲሻገር ቀጣዩ ጠጋኝ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ጽሑፍ ነው።